የአባታችንን የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ የተማርነው

ለቅሶ ቤት ውስጥ የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ባደረ ሰው፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ፣ አስከሬን ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሁሉም የሚመሳሰለው ለዚህ ነው፦ "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ትዳር መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው..." ተነቦ ሲያልቅ ሟቹ ማን እንደነበሩ አይታወቅም። ስሙን ብቻ ቀይረው ለጎረቤት ቢያነቡት ያስኬዳል።

አባታችን ሐይቅ ከተማ በረንዳ ላይ የሲንጀር መኪና አስቀምጠው ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሹመት አልነበራቸውም፤ ትምህርታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት እስከ መድገም ነው፤ ስማቸውም ከተሁለደሬ ወረዳ ብዙ ርቆ አይታወቅም። እንዲህ ላለ ሰው የተለመደው አጻጻፍ አይሆንም። እሱ የተሠራው ለባለሥልጣን ነው፤ ሹመቱንና ሽልማቱን ሲያወጡለት ባዶ ይቀራል። ሐዘኑ መሀል ሆነን ታሪካቸውን ስናሰባስብ የጠቀመንን፣ በሌሎችም ቤቶች ሲበላሽ ያየነውን እዚህ አስፍረነዋል።

ከሁሉ በፊት ጸሐፊው ይለይ። ሚስትና የመጀመሪያ ልጅ ባይሆኑ ይመረጣል፤ ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር ተነሥተው ያለቅሳሉና ሐሳባቸው አይሰበሰብም። የእህት ልጅ፣ አማች ወይም ከፍ ያለ የልጅ ልጅ ይሻላል። ቤቱን ያውቃል፣ ብዕር ለመያዝ ግን አይሳነውም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቅሬ የሚባል የቀብር መረዳጃ ማኅበር አለ። መቃብሩን፣ ድንኳኑን፣ ንፍሮውንና ውኃውን ቅሬው ስለሚይዘው አንድ ሰው ለጽሑፉ ነጻ ማውጣት አያስቸግርም፤ ለቅሬው ዳኛ "እገሌ ታሪክ እየጻፈ ነው፣ ሥራ አትዘዙት" ብሎ መንገር ይበቃል። የቅሬው ጸሐፊም መዝገቡን ይዞ ይምጣ። ሟቹ ቅሬ የገቡበት ዓመት፣ ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ሆነው ያገለገሉበት ጊዜ ተጽፎ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ወረቀት መፈለግ ነው። ሰው "ምንም ሰነድ የለንም" የሚለው ሰነድ ሲባል ማኅተም ያለበት ብቻ ስለሚመስለው ነው። ሣጥኑ ይከፈት። የዳዊቱ ወይም የቁርአኑ የፊትና የኋላ ባዶ ገጾች ይታዩ፤ ልጅ ሲወለድ ቀኑን እዚያ ማስፈር የቆየ ልማድ ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የሰማንያ ወይም የኒካህ ወረቀት፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ ወላጅ የፈረመበት የተማሪ ካርድ ሁሉ ይጠቅማል። በ2014ቱ ጦርነት ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ሲመለስ ሣጥኑን ተሰብሮ ያገኘ ሰው በኛ አገር ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ወረቀቱ የሚፈለገው ከዘመድ ዘንድ ነው፤ አንድ ጊዜ ለዋስትና የተሰጠ የመታወቂያ ኮፒ ወይም ከሠርግ በኋላ ለአክስት የተላከ ፎቶ አይጠፋም።

ለኛ ከሁሉ የጠቀመን የአባታችን የልኬት ደብተር ነው። ልባሱ በትርፍራፊ ካኪ የተለበደ ባለ መስመር ደብተር። በየመስመሩ ስም፣ ከስሙ ትይዩ ቁጥር፦ "ወገብ 66፣ ርዝመት 88፣ ለመስከረም"። ከአንዳንዱ ጎን በቀይ እስክርቢቶ "እጥፋት 6" ተጽፏል። የተማሪ ሱሪ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ተተርትሮ እንዲረዝም ከታች ስድስት ሳንቲ ሜትር ጨርቅ አጥፈው ያስቀሩለታል። ቀይ ምልክቱ ያለው አዲስ ሱሪ በየዓመቱ መግዛት በማይችሉ ቤቶች ልጆች ስም ላይ ብቻ ነበር። ይህን ታሪካቸው ውስጥ ስናስገባው "ለድሃ አዛኝ ነበሩ" የሚል ዐረፍተ ነገር መጻፍ አላስፈለገንም። የማንኛውም ሰው ሥራ እንዲህ ያለ ነገር አያጣም፦ ባለ ወፍጮ የዱቤ ሰሌዳ አለው፣ መምህር ሮስተር አለው፣ ሹፌር የጉዞ ወረቀት አለው፣ ገበሬ እርፉ ላይ ምልክት አለው። ጸሐፊው እሱን ሳያይ ብዕር አያንሣ። ብቻ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ደብተሩ ላይ ዱቤም አለ። ያልከፈለ ሰው ስም ድንኳን ውስጥ አይነሣም፤ ገጹም ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍም።

ዓመት ላይ ብዙ ቤት ይቸገራል። ሽማግሌ ዓመተ ምሕረቱን ባያስታውስም ዘመኑን ያስታውሳል። ስለዚህ "መቼ ተወለዱ?" ብሎ ከመጠየቅ "ጣልያን ሲገባ ታዝለው ነበር ወይስ ከብት ይጠብቁ ነበር?" ማለት ይሻላል። ወሎ ውስጥ ለዚህ የሚያገለግሉ ጊዜዎች አሉ፦ ደሴ በጣልያን አውሮፕላን የተደበደበችበት ኅዳር 1928፣ ጣልያን ከደሴ የለቀቀበት ሚያዝያ 1933፣ የ1965 እና 66 ረኃብ፣ የገጠር መሬት የታወጀበት የካቲት 1967፣ የብር ኖት የተለወጠበት 1969፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ የ1983 የመንግሥት ለውጥ። ተለያይተው የተጠየቁ ሁለት ሰዎች በአንዱ ላይ ከተስማሙ ዓመቱ ብዙ አይርቅም። አብረው ከተጠየቁ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን "አዎ፣ ልክ ነው" ከማለት አያልፍም። ካልተስማሙ "በ1930ዎቹ መጀመሪያ" ብሎ መጻፍ ነውር የለውም፤ ከሐሰተኛ ቀን ይሻላል።

በክርስቲያን ቤት ልደቱ ቢረሳ እንኳ ክርስትና የተነሡበት በዓል አይረሳም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሆነ ወደ ኋላ መቁጠር ነው፤ ግንቦት ልደታ ክርስትና የተነሣ ወንድ ልጅ የተወለደው መጋቢት 21 ገደማ ነው። በሙስሊም ቤት "በረመዳን ነው" ወይም "ለአረፋ ዋዜማ ነው" ሲባል ግን ወሩን በዛሬው ረመዳን አይለኩት። የሂጅራው ዓመት በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ያኔ ረመዳን የዋለው በሌላ ወቅት ሊሆን ይችላል። "እሸት ደርሶ ነበር? በልግ ነበር? ዝናብ ነበር?" ብሎ መጨመር ያስፈልጋል። ውጭ አገር ካሉ ልጆች በሚመጣ ወረቀት ላይ ደግሞ የፈረንጅ ቀን አለ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የፈረንጅ ጥር 1 ቀን ተወለዱ የሚል ካጋጠመ በአብዛኛው ቀኑ ስላልታወቀ እንዲሁ የተሞላ ነው፤ አይመኑት።

የትውልድ ቦታ በሁለት ስም ይጻፍ፤ በጊዜው ይጠራ በነበረበትና ዛሬ በሚጠራበት። "በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በአሁኑ ደቡብ ወሎ ዞን ተሁለደሬ ወረዳ" ካልተባለ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነበው የልጅ ልጅ ቦታውን አያገኘውም። ጎጡና የቅርቡ ታቦት ወይም መስጊድ ቢጨመር ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፤ ወረዳ ይከፈላል፣ ይታጠፋል፣ ጎጥ ግን ከነስሙ ይቆያል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ መጠየቁ። ለቅሶ ደራሽ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል፤ ከሳልስት በኋላ ይበተናል። ከአምባሰል ቆላ የመጣ አብሮ አደግ ዳግመኛ ላይመጣ ይችላል። የሚጠየቀው እዚያው ድንኳን ውስጥ ከንፍሮው ጋር ነው። "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ "ደግ፣ የዋህ፣ ሰው ወዳድ" ይላል፤ ይህ የማንም ሟች መልስ ነው። ነገር የሚወጣው ከጠበበ ጥያቄ ነው፦ "እስቲ ይንገሩኝ ጋሼ፣ መጀመሪያ ያዩዋቸው የት ነው? ምን ለብሰው ነበር? ጠዋት ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ የት ይሄዱ ነበር? ብድር ሲጠይቋቸው ምን ይሉ ነበር? ሲቆጡስ?" የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ታወጣለች። ሰው ሟችን ላለማማት ሲል ቁጣቸውን መጀመሪያ ይሸሽጋል፣ ቀጥሎ ሳቅ ይይዘውና ይናገራል። አባታችን ሲናደዱ መቀሱን አስቀምጠው "ቆይ፣ እጄ ይረፍ" ይሉ እንደነበር የሰማነው ከጎረቤት ባለ ሱቅ ነው። እኛ ልጆቻቸው አናውቀውም፤ ቤት ውስጥ መቀስ አይዙማ።

ሴቶቹን ለብቻ ይጠይቁ። ጓዳ ያለችው እህት ወይም የእንጀራ ጋጋሪዋ ጎረቤት ድንኳን ውስጥ ወንዶቹ ፊት አትናገርም፤ የሟችን የቤት ውስጥ ጠባይ የምታውቀው ግን እሷ ናት። ሠርግ ላይ ማን እንደመረቀ፣ ስንት ዓመት በኪራይ እንደኖሩ፣ ልጅ ሲታመም ማን ተሸክሞ ደሴ እንዳደረሰ ከእሷ ይገኛል። አረብ አገር ያሉ ልጆችም በኢሞ ሲያለቅሱ ብቻ አይዋሉ፤ አንድ አንድ የድምፅ መልእክት እንዲልኩ ይጠየቁ፤ ሟቹ በስንብት ቀን የነገሯቸውን ነገር አይረሱትም።

አልቃሽዋም ጸሐፊ ናት፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። ሙሾ ከማውረዷ በፊት "ማን ናቸው? የማን ዘር? ምን ይሠሩ ነበር?" ብላ ትጠይቃለች፤ የሰማችውንም በሁለት ስንኝ ታጥፈዋለች። ለአባታችን የተባለው ይኸው፦

መቀሱን ስቀሉት፣ ጨርቁንም እጠፉት፣
የድሃን ልብስ ሰፊ አፈር አለበሱት።

ሙሾው በስልክ ካልተቀዳ ወይም ወዲያው ካልተጻፈ በማግሥቱ የሚያስታውሰው የለም፤ አልቃሽዋ ራሷ እንኳ ሌላ ለቅሶ ላይ ናት። ሲቀዱ ግን አስፈቅደው ነው፤ ሙሾና ጩኸት በማይፈቀድበት የሙስሊም ቤት ደግሞ ነገሩ ራሱ የለም። በዚያ ቤት ማስታወሻው የሚወጣው ለተዕዚያ (ለማጽናናት) ከተቀመጠው ሰው ጨዋታና በሰደቃው ቀን ከዱአ በኋላ ነው።

ጽሑፉ ከ400 ቃል አይብለጥ። ሲነበብ አራት ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ ፀሐይ ላይ የቆመው ሰው እግሩን መቀያየር ይጀምራል፣ ካህናቱም ይቸኩላሉ። የዘር ሐረግና የልጆች ስም ከሩቡ በላይ አይውሰድ። ሕመሙ በአንድ መስመር ይለፍ፤ የትኛው ሆስፒታል ምን እንዳደረገ የሚነገርበት ቦታ አይደለም። ለአዛውንት አንቱታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን፤ "ተወለዱ" ብሎ ጀምሮ "ይሠራ ነበር" የሚል ጽሑፍ ሁለት ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል፣ ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው። በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ፣ በትልልቅ ፊደል፣ መስመር እየዘለሉ ይጻፍ። ዓመቱ በቃልም ይጻፍ፤ "1943"ን እንባ የሞላው ዓይን "1953" ያደርገዋል። አንባቢው የልጅ ልጅ ከሆነ የሩቅ ዘመዶችን ስም አስቀድሞ ጮክ ብሎ ይለማመድ። ሲያቅተው የሚቀበለው ሰውም ሌላ ቅጂ ይዞ አጠገቡ ይቁም።

የት ይነበብ? በክርስቲያን ቀብር ከፍትሐቱ በኋላ፣ ከመቃብር በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። ወሎ ውስጥ ግን የሟች ወንድም ሙስሊም፣ የእናታቸው ወገን ሼሆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የኛም እንደዚያው ነው። ብዙዎቹ እስከ ደጀ ሰላም ሸኝተው ይቆማሉ፣ የሚነበበውም አይደርሳቸውም። ሳልስት ላይ ድንኳን ውስጥ ድጋሚ ቢነበብ ሁሉም እኩል ይሰማል፤ የተሳሳተም እዚያው ይታረማል። ስሞቹም አይቆራረጡ። አያታቸው ይማም ከሆኑ ይማም ተብሎ ይጻፋል፤ "ለክርስቲያን አይስማማም" ብሎ አያት መዝለል በኛ አገር ዘመድ ያጣላል።

ዘመድ የሚያጣላ ሌላም አለ። ከትዳር በፊት የተወለደ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ ሚስት፣ በሕፃንነታቸው የሞቱ ልጆች። እነዚህን መዝለል "ምሥጢር ጠበቅን" ያሰኛል እንጂ ምሥጢር አይጠብቅም፤ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ግማሹ ሰው ያውቃል። ከሁሉ የሚያስቀይመው ቆሞ እያለ ስሙ ያልተጠራ ልጅ ነው። ጽሑፉ ከመነበቡ በፊት ከየወገኑ አንድ አንድ ሽማግሌ ጓዳ ጠርቶ የስሙን ዝርዝር ብቻ ማስማት ይበቃል። ሙሉውን ጽሑፍ አያሳዩ፤ ሁሉም የየራሱን አንድ መስመር ያስጨምርና አራቱ ደቂቃ አሥራ አምስት ይሆናል። ሟቹ አስታራቂ ከነበሩ ስንት ሰው እንዳስታረቁ ይነገር፤ ማንን ከማን የሚለው ግን አይነሣ። ያ ጠብ የደም ከሆነ ዳግመኛ መቀስቀስ ነው።

ፎቶና ድምፅ ላይ የምናካፍለው ትንሽ ነገር አለ። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ የድሮ ፎቶ በግድ አይላቀቅ፤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ ከቤት ውጭ ጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ትይዩ አድርጎ ማንሣት ነው። ለቀብር የሚያዘው ትልቅ ፎቶ ከቡድን ፎቶ ተቆርጦ የሚወጣ ከሆነ ግን የስልክ ፎቶ ይደበዝዛል፤ ዋናውን ደሴ ማተሚያ ቤት ወስዶ በ600 ዲፒአይ ስካን ማስደረግ ያዋጣል። ከፎቶው ጀርባ ስም ሲጻፍ በእርሳስ ይሁን፤ እስክርቢቶ ወደ ፊት ያልፋል። በቴሌግራም ሲላክ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክ፣ ካልሆነ ጥራቱ ይቀነሳል። ሽማግሌ ሲቀዳ ስልኩ በረራ ሁነታ ላይ ይደረግ፤ ካለዚያ ለቅሶ ለመድረስ የሚደውል ሁሉ ቀረጻውን ያቋርጠዋል። ከረከቦቱም ይራቅ፤ የሲኒው ድምፅ ንግግሩን ይውጠዋል። የፋይሉ ስም ወዲያው "ስም፣ ቦታ፣ ቀን" ተብሎ ይለወጥ።

ሐዘን ላይ የሚረሳ ሌላ ጉዳይ የሞት ምዝገባ ነው። ቀበሌ ላይ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የወራሽነት ጉዳይ ሲመጣ የሚጠየቀው ይኸው ማስረጃ ነው። እዚያ የሚሞላው ስም መታወቂያው ላይ ያለው ስም ነው። ታሪኩ ውስጥ ግን ሰው የሚያውቃቸው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ "ሰፊው" የሚል መጠሪያ። ሁሉንም አንድ ጊዜ በቅንፍ ማስፈር ኋላ "ሁለት ሰው ናቸው ወይስ አንድ?" የሚለውን ጣጣ ያስቀራል።

ሐውልት የሚሠራ ካለ ጽሑፉን በቃል ለቅርፃ ሠራተኛው አይንገሩ። በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይሰጠው፤ ድንጋዩ ላይ በጠመኔ ካሰፈረው በኋላ ፎቶ አንሥቶ ይላክ፣ ሁለት ሰው አይቶ "ቁረጥ" ይበለው። አንዴ ከተቀረጸ በኋላ የተገኘ የአንድ ዓመት ስሕተት ድንጋዩን ያስለውጣል።

ቀብር ላይ የተነበበው የመጨረሻ ጽሑፍ አይደለም። ለአርባው ሰው ሲሰበሰብ ሰፊ ኅዳግ የተተወለት ቅጂ ድንኳኑ ውስጥ ይዙር፤ የሚያርም ያርም፣ የሚጨምር ይጨምር፣ ከእርማቱ ጎን የተናገረው ሰው ስምና ቀኑ ይጻፍ። በሙስሊም ቤት ይህን ሰደቃው ላይ ማድረግ ይቻላል። የታረመው በኮምፒውተር ተጽፎ ለሙት ዓመቱ ይደርሳል፤ አንዱ ቅጂ ለቅሬው መዝገብ፣ አንዱ ለታላቅ ልጅ፣ አንዱ ለሟች ወንድሞች ወገን ይሰጣል። የልኬት ደብተሩ፣ ሮስተሩ፣ የዱቤ ሰሌዳው ማን ዘንድ እንደሚቀመጥም እዚያው ወረቀት ግርጌ ይጻፍ።